ልጃችሁ ከስፔን ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ ጉዞ ሊሄድ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፔን ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ያቺ ወረቀት አንድ ቀን በልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዳ ቤታችሁ መግባቷ አይቀርም። የቋንቋ ጉዞ፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ከታች የወላጅ ፊርማ። የእኔ ልጅ ያመጣቻት የሦስተኛ ዓመት ኤሶ (የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው እርከን) ተማሪ ሆና፣ በ14 ዓመቷ ነው። ስድስት ቀን ደብሊን አጠገብ፣ ከአንድ አየርላንዳዊ ቤተሰብ ጋር። ከዚያ ወዲህ በቤተክርስቲያን ግቢም፣ ቡና ላይም፣ በስልክም እናቶች ይጠይቁኛል። ጥያቄው ያው ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ቀኑም ወሩም ዓመቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የስፔን ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ውጭ መውሰድ ለምን ይወዳሉ? እንግሊዝኛ እዚሁ ይማሩ የለ እንዴ?

ይማራሉ፤ ያውም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ። የስፔን ትምህርት ሚኒስቴር ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር የሁለት ቋንቋ ትምህርት የጀመረው በ1996 ነው። የማድሪድ ክልል ደግሞ በ2004 የራሱን ጀመረ። ዛሬ ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚማር የሰባት ዓመት ልጅ ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ችግሩ ከክፍል ሲወጡ ነው። ስፔን ውስጥ ፊልሙ በስፓኒሽ ነው የሚናገረው። በአምባገነኑ በፍራንኮ ጊዜ፣ በ1941፣ የውጭ ፊልም ሁሉ በስፓኒሽ እንዲተረጎምና ድምፁ እንዲቀየር ታዘዘ። ትእዛዙ ከቀረ ቆይቷል፣ ልማዱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ልጁ የሆሊውድ ተዋናይ ሲያይ የሚሰማው የማድሪድ ሰው ድምፅ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ እስከ 30 ተማሪ አለ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ የምትደርሰው የመናገሪያ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ናት፤ ዓይን አፋር የሆነው እሷንም ለጓደኛው ይለቃል። ሰዋስው ጠንቅቆ ያውቃል፣ ፈተና ያልፋል፣ ቱሪስት መንገድ ሲጠይቀው ግን ይሸሻል። መምህራኑ ስፓኒሽ የማያድንበት ቦታ የሚወስዷቸው ለዚህ ነው።

በአንድ ሳምንት ምን ይማራሉ? ገንዘቡ አያስቆጭም?

በአንድ ሳምንት ደረጃቸው አይጨምርም፤ ይጨምራል የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ፍርሃታቸው ግን ይቀንሳል። እኔ የከፈልኩት ለዚህ ነው፣ ደግሜም ብከፍል አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጄና አብራት የተመደበችው የክፍል ጓደኛዋ በመጀመሪያው ምሽት ሻወር ሊወስዱ ገቡ። ውሃው በረዶ ነው። ቧንቧውን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ፣ አልሆነም። አየርላንድና እንግሊዝ ብዙ ቤት ሻወሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው፤ ማብሪያውም ከጣሪያ የተንጠለጠለች ገመድ ናት። ይህን ማን ይነግራቸዋል? ሁለቱ ልጆች ፎጣ እንደለበሱ ማን ወርዶ ይጠይቅ በሚለው ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። በመጨረሻ የእኔዋ ወረደች። በክፍል የተማረችው ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋባትና “ውሃ፣ ቀዝቃዛ፣ ይቅርታ” ብላ ቆመች። ሴትየዋ ሳቅ ብላ አብራት ወጣች፣ ገመዷን አሳየቻትና “ፑል”፣ ሳቢው፣ አለቻት።

ልጄ ያቺን ቃል በመጽሐፍ ስንት ጊዜ አይታታለች። የገባቻት ግን እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ ነው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ወተት ራሷ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ስለ ዝናቡ አወራች። ትልቅ ነገር አይመስልም፣ ግን ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ለማታውቀው ሰው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተንፍሳ አታውቅም ነበር።

የትኛው አገር ይሻላል?

ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ግን በወላጅ ስብሰባ ላይ አስተያየት ይጠይቃሉና አውቃችሁ ሂዱ።

እንግሊዝ ብዙ የሚታይ ነገር አለው። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ፣ መደበኛ መግቢያቸው ሁሉ ነፃ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ከወጡ ወዲህ ግን ወረቀቱ በዝቷል። አየርላንድ በኅብረቱ ውስጥ ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ወሬ ይወዳል። ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ማልታም ዩሮ ትጠቀማለች፤ እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው፣ አየሩም ይሞቃል። ትንሽ ስለሆነችና ከመላው አውሮፓ የቋንቋ ተማሪ ስለሚጎርፍባት ግን ልጆቹ መንገድ ላይ ሌላ የስፔን ቡድን ማግኘታቸው አይቀርም።

በደቡብ ስፔን ያሉት የአንዳሉሲያ ትምህርት ቤቶች አጠገባቸው ወዳለችው የእንግሊዝ ግዛት፣ ወደ ጂብራልታር፣ ለአንድ ቀን ይሄዳሉ። ዝንጀሮዎቹን፣ ዋሻውን፣ ቀይ የስልክ ቤቶቹን ያያሉ። የቀን ሽርሽር ነው ብላችሁ ውሰዱት። የጂብራልታር ሰው ስፓኒሽ አቀላጥፎ ስለሚናገር የልጆቹን አነጋገር ገና ሲሰማ በስፓኒሽ ይመልስላቸዋል።

እዚሁ ስፔን ገጠር ውስጥ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አስተማሪዎች ጋር ሳምንት የሚያድሩበት ካምፕም አለ። ፓስፖርት አይፈልግም፣ ይረክሳል። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ልጄ የስፔን ዜጋ ነው። ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?

ለአየርላንድና ለማልታ መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ይበቃዋል። ለእንግሊዝ ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ መታወቂያ አይሠራም፤ ፓስፖርት የግድ ነው። ከሚያዝያ 2 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ኢቲኤ የሚባል የጉዞ ፈቃድ ተጨምሯል። በስልክ ይሞላል፣ ለሕፃንም ሳይቀር ያስፈልጋል፣ ለሁለት ዓመት ወይም ፓስፖርቱ እስኪያልቅ ይሠራል። በዚያው ሚያዝያ ዋጋው 16 ፓውንድ ሆኖ ነበር። መክፈል ያለባችሁ በእንግሊዝ መንግሥት አፕ ወይም ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። አስመስለው የሚሠሩና እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ ዋጋውን እዚያው መንግሥት ገጽ ላይ አይታችሁ ክፈሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ቡድኑ ያረፈው ደብሊን ቢሆንም ለአንድ ቀን ቤልፋስት ወይም ጃይንትስ ኮዝዌይ ከሄደ ሰሜን አየርላንድ ገባ ማለት ነው። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ግዛት ናት። መንገዱ ላይ ጠባቂ የለም፣ አውቶቡሱ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሕጉ ግን ፓስፖርትና ኢቲኤ ይጠይቃል። የጉዞ ፕሮግራሙን አንብቡት።

ሌላው የወላጅ ፈቃድ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ከስፔን ሲወጣ የተፈረመ ፈቃድ ይይዛል። ፖሊስ ጣቢያ፣ ጓርዲያ ሲቪል (ሌላው የስፔን ፖሊስ) ወይም ኖታሪዮ (ውል አዋዋይ) ዘንድ ይሠራል። ለፓስፖርት የሚያስፈልገው ሲታ (ቀጠሮ) በፀደይ ወራት እንደ ወርቅ ነው፤ አገሩ ሁሉ ልጁን ሊልክ ይሯሯጣላ። በጥር ያዙ።

ልጄ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለው። ይቀራል ማለት ነው?

አይቀርም፤ ግን ወረቀቷ በመጣችበት ቀን ሥራ መጀመር አለባችሁ። ይህን ሳነሳ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። በልጄ ክፍል የሞሮኮ ፓስፖርት የነበረው ልጅ ነበር። ስፔን ተወልዶ፣ ስፔን አድጎ፣ አነጋገሩም ቁርጥ የማድሪድ ልጅ። ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት ስለ ቪዛ አንድም ቃል ሳይናገር ገንዘቡን ተቀበለ፤ ነገሩ የታወቀው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ሰነበተ። የእናቱ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ እንዲህ ነው። ማልታ እንደ ስፔን ሸንገን (እርስ በርስ በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች ማኅበር) ውስጥ ስለሆነች ፓስፖርቱና የስፔን ታርኼታው (የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ) ጊዜያቸው ካላለፈ ያለ ቪዛ ይገባል። ለእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ድሮ የትምህርት ቤት ቡድን በስም ዝርዝር ብቻ ያልፍ ነበር፤ ያ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ቀርቷል፣ በፊት የላኩ ወላጆች “ምንም አያስፈልግም” ቢሏችሁ አትስሙ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ከዚያ ለአሻራ ቀጠሮ ይያዛል፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ቀጠሮ የሚዘገይበትን ጨምራችሁ ሦስት ወር ቀደም በሉ። አየርላንድ ሸንገን ውስጥ ስለሌለች ታርኼታው ብቻውን አይበቃም። ለትምህርት ቤት ቡድን የሚጠየቀውን ነገር መምህሩ ራሱ የአየርላንድ ኤምባሲን በጽሑፍ እንዲጠይቅ አድርጉ። ከወላጅ ይልቅ ለትምህርት ቤት ቶሎ ይመልሳሉ።

ለመምህሩ መናገር አትፈሩ። ብዙዎቹ ስለ ታርኼታ ልጅ አያውቁም፤ ሲነገራቸው ግን ይሮጡላችኋል። ስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ “የስፔን ፓስፖርት የሌለው ልጅስ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ ኋላ የተቀመጠች ሌላ እናት ያንኑ ለመጠየቅ አፍራ ይሆናል።

ተቀባይ ቤተሰቡ ምን ዓይነት ነው? ምን ይበላሉ? የጾም ነገርስ?

ተቀባይ ቤተሰብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ክፍል ያላቸው፣ ተከፍሏቸው ተማሪ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዳንዴም ሦስት ሆነው ይመደባሉ። ጠዋት ቁርስ፣ ለምሳ የሚቋጠር፣ ማታ ትኩስ እራት። የሚቋጠረው ሳንድዊች፣ አንድ ከረጢት ቺፕስና አንድ ፖም ነው። ስፔን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል ትኩስ ምግብ የለመደ ልጅ ይህን ምሳ ብሎ መቀበል ይቸግረዋል። እራቱ ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስፔን እራት የሚበላው በሦስት፣ በአራት ሰዓት ስለሆነ ልጆቹ በሦስት ሰዓት እንደገና ይርባቸዋል። ልጄ በመጀመሪያው ቀን “እማዬ፣ መክሰስ መስሎኝ ትንሽ በላሁ፣ እራቱ እሱ ነበር” ብላ ጻፈችልኝ። ቦርሳቸው ውስጥ ብስኩትና ለውዝ ክተቱ።

ስለ ጾም። የትምህርት ቤት ጉዞ በመጋቢትና በሚያዝያ ይበዛል፣ ያ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ፎርሙ ላይ “ጾም” ወይም “ኦርቶዶክስ” ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይረዳችሁም፤ ወይ ዓሣ ያቀርባሉ፣ ወይ ምንም አይበላም ብለው ይደነግጣሉ። “ቪጋን” ብላችሁ ጻፉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደሌለ በአንድ ቃል ይገባቸዋል። ልጁ በጉዞ ላይ ይጹም አይጹም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ የምነግራችሁ የፎርሙን ብቻ ነው።

ልጄ ባለጌ እንዳይባልብኝ ፈራሁ። ምን ልምከረው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በስፓኒሽ ካፌ ገብቶ “ቡና ስጠኝ” ማለት ነውር የለውም፤ ድምፁና ፈገግታው ያለሰልሰዋል። ልጁ ያንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው ግን ትእዛዝ ይሆናል። እንግሊዝኛ “አንተ” እና “እርስዎ” የሚባል የለውም፤ አክብሮቱ በሙሉ ያለው “ፕሊስ”፣ “ሶሪ” እና “ታንክ ዩ” ላይ ነው። የልጄ መምህርት በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳይቀር ይህን ታለማምዳቸው ነበር። ለልጆቻችሁ እንዲህ በሏቸው፦ “ፕሊስ” የሌለው ጥያቄ ለትልቅ ሰው “አንተ” እንደማለት ነው። አማርኛ የሚሰማ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

በአነጋገሩ እንዳያፍርም ንገሩት። ስፓኒሽ ተናጋሪ በቃል መጀመሪያ ከ“ስ” ቀጥሎ ተነባቢ ሲመጣበት ፊቱ ላይ “ኤ” ይጨምራል፤ “ኤስኩል”፣ “ኤስፔን” ይላል። እኛም “እስፖርት”፣ “እስታዲየም” እንላለን። ልጄ በሁለቱም በኩል ወርሳዋለች! ሰዉ ግን ሰምቷታል፣ መልሶላታል።

ስንት ብር ይያዝ? ክፍያውስ ከበደኝ

ክፍያው ከብዷችሁ ከሆነ በክፍልፋይ እንዲሆን ጠይቁ፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ይስማማል። የከተማው አስተዳደር ወይም ክልሉ ድጎማ የሚሰጥበት ጊዜም ስላለ ለሰክሬተሪዋ ጥያቄ ማቅረብ አይጎዳም። ልጆቹ ራሳቸውም ይሠራሉ። ለገና ሎተሪና ፖልቮሮን (የገና ብስኩት) እየዞሩ ይሸጣሉ፤ ሎተሪው ታኅሣሥ 22 ይወጣል። የእኛ ኮሚኒቲ አንድ ሁለት ቲኬት ቢገዛቸው ደስ ይላቸዋል።

ለኪስ ገንዘብ የቅድመ ክፍያ ካርድ ጥሩ ነው። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

በየቀኑ ልደውልለት?

ባትደውሉ እመርጣለሁ። ሲከብደኝ ነው የምጽፈው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እኔም አልተኛሁም። ግን ማታ ማታ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ወይም በስፓኒሽ የሚያወራ ልጅ ከሳሎን ተነስቶ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን እያየ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ውሻው እያወራ ነው። እንግሊዝኛው ያለው እዚያ ነው። መምህሩ የቡድን መልእክት ይልካል፣ ፎቶም ይልካል። እናንተ አንድ አጭር መልእክት ማታ ላኩና ተዉት።

አየርላንድና ማልታ ውስጥ የስፔን ስልክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ለእንግሊዝ ግን ኩባንያችሁን ጠይቁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እዚያ አይደርስም። ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት መቀየሪያም ግዙለት፣ ሦስቱም አገር ያንኑ ነው የሚጠቀሙት።

ቢታመምስ?

የአውሮፓ የጤና ካርድ ከሶሻል ሴኩሪቲ በነፃ አውጡለት። አየርላንድና ማልታም፣ እንግሊዝም ይቀበሉታል። የቡድኑ የጉዞ ኢንሹራንስ ምን እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣው ይያዝ።

ለአበሻ ልጅ የተለየ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። የለንደን ጉዞ ብዙ ጊዜ ዊንዘርን ይጨምራል። ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን ያያሉ፣ ጠባቂዎቹን ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመለሳሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አለ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያ ነው። በ1868 ከመቅደላ ሲወስዱት ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሠራችለት የናስ ጽሑፍ ላይ “እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና” የሚለው የማቴዎስ ቃል አለ። አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለም። እሑድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ስለሚዘጋ መምህሩን ቀኑን ጠይቁት። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥም ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች አሉ።

ልጄ በኋላ ባቺዬራቶ (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት) ገብታ ለንደን ስትሄድ ይህን ነግሬያት ነበር። ለመምህሩ ነገረችው፤ እሱም ሣሩ ላይ አስቀምጧቸው “አንቺ አስረጂን” አላት። ከሃያ በላይ የስፔን ልጆች ፊት አምስት ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ተናገረች። አንዱ ልጅ “ለምን አይመልሱትም?” ብሎ ጠየቀ። እሱም የጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው።

ለተቀባይ ቤተሰቡ ምን ይዞ ይሂድ?

ባዶ እጁን እንዳይሄድ። የስፔን እናቶች ቱሮን (የለውዝ ጣፋጭ) ወይም የወይራ ዘይት ይልካሉ። ወደ እንግሊዝ ከሆነ ካም (የአሳማ ሥጋ)፣ ቾሪሶ (የስፔን ቋሊማ) እና አይብ አታድርጉበት፤ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከአውሮፓ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ተከልክሏል፣ ኤርፖርት ላይ ይወረስበታል። እኔ ግማሽ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በደንብ አሽጌ ሰጠኋት። ሴትየዋ የፈላው ሲሸታት ልጄን ማድ ቤት ጠርታ “ይሄ እንዴት ነው የሚፈላው?” ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ጀበና የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አጥታ በወረቀት ሥላ አሳየቻት። ሥዕሉ ፍሪጃቸው ላይ ተለጥፎ በገና ፎቶውን ላኩልን።